የመኖ ጆንያ ትኩሳት

ዛሬ ላምዎን ከማለብዎ ወይም ለዶሮዎችዎ መኖ ከመበተንዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። የጆንያውን አፍ ፈትተው ክንድዎን እስከ ክርን ድረስ ወደ ውስጥ ይክተቱ። ላዩን ይተዉት፤ የምንፈልገው መሀሉን ነው። ምን ተሰማዎት? ቀዝቀዝና ደረቅ ካለ ደህና ነው። ሞቅ ካለዎት ግን ማንም እሳት ሳያነድበት፣ ፀሐይም ሳትነካው ጆንያው ከውስጡ ተነሥቶ ሞቋል ማለት ነው።

በአዲስ አበባ፣ ጎሮም ይሁን ገርጂ፣ አያትም ይሁን ኮተቤ፣ ከፎቆቹ ጀርባ ሁለት ሦስት የወተት ላም ያለው ግቢ ውስጥ ይህ ጆንያ አይጠፋም። ቆርቆሮ በለበሰ ጥግ፣ ከአሮጌ ጎማና ከተረፈ ሲሚንቶ ጎን ተደርድሮ ይቀመጣል። በአንዱ ፉርሽካ፣ በሌላው የኑግ ፋጉሎ፣ በሦስተኛው የተከካ በቆሎ። ላም የለኝም የሚሉም ቢሆኑ ከዚህ ጆንያ ብዙ አልራቁም፤ ጠዋት ማኪያቶዎ ውስጥ የሚገባው ወተት ጉዞውን የጀመረው ከእሱ ነው።

ለምን ይሞቃል? መልሱ፣ ስለሚተነፍስ ነው።

እህል ከታጨደና ከተወቃ በኋላ ያለቀለት ነገር ይመስለናል። ጆንያ ውስጥ ያለችው የበቆሎ ፍሬ ግን በሕይወት አለች፤ ተኝታለች እንጂ አልሞተችም። ኦክስጅን ታስገባለች፣ ካከማቸችው ስታርች ጥቂት ጥቂት ታቃጥላለች፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ሙቀት ታወጣለች። ብቅል አብቅለው የሚያውቁ እናቶች ይህን ለማመን ላብራቶሪ አያሻቸውም። የራሰው ገብስ በኮባ ተሸፍኖ ሰነባብቶ ሲገለጥ ፊታቸውን የሚመታው ሙቀት ይኸው ትንፋሽ ነው።

ፉርሽካና ፋጉሎስ? እነሱ ፍሬ አይደሉም፤ ራሳቸው አይተነፍሱም። በእነሱ ላይ የሚተነፍሱት እንግዶቹ ናቸው፤ ሻጋታ፣ ባክቴሪያና ነፍሳት። እውነቱን ለመናገር በሙሉ እህልም ቢሆን አብዛኛውን ሙቀት የሚያመጡት እነዚሁ እንግዶች ናቸው። ጤነኛና ደረቅ ፍሬ የሚያወጣው ሙቀት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።

ቁልፉ ታዲያ እርጥበት ነው። በቆሎ ከክብደቱ 13 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ውሃ ሲይዝ ሻጋታ የሚጠጣው አያገኝም፤ እህሉም ለወራት ይቀመጣል። 15 እና 16 በመቶ ላይ ሲደርስ ግን ድግሱ ይጀመራል። ፋጉሎን የመሰለ ዘይት የተረፈበት መኖ ደግሞ ከበቆሎም የበለጠ መድረቅ አለበት።

አሁን ወደ ተንኮሉ እንምጣ። አንድ ኪሎ ስታርች በትንፋሽ ተቃጥሎ ሲያልቅ ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ ይወጣዋል። አዲስ ውሃ ነው፤ ከዝናብ ወይም ከወለል የመጣ አይደለም፣ እዚያው ጆንያው ውስጥ የተሠራ ነው። ከአንድ ኩንታል ላይ አንዲት ኪሎ ብቻ በሻጋታ ብትበላ የቀረው እህል እርጥበት በግማሽ በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። የረጠበው ጎረቤት ሻጋታ ያበቅላል፣ ያም ሻጋታ ይተነፍሳል፣ ትንፋሹ ደግሞ ሌላ ውሃ ይወልዳል።

ከዚያችው ኪሎ የሚወጣው ሙቀትስ? በሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች የተሞላ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። አንድ ኪሎ እህል ናት እንግዲህ፤ ከኩንታሉ ላይ ብትጎድል በዓይን እንኳ አትለይም። ደግነቱ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይወጣም።

ይህን በጠረጴዛዎ ላይ ማየት ይችላሉ። ሁለት ፔርሙስ ያዘጋጁ። አንድ ሁለት ኩባያ ስንዴ ሌሊቱን ዘፍዝፈው ጠዋት ያጥልሉና በአንደኛው ይጨምሩ፤ በሁለተኛው ያልራሰ ደረቅ ስንዴ ይጨምሩ። አፋቸውን በክዳኑ አይግጠሙ፣ ስንዴው ይታፈናል፤ በጥጥ ወይም በጨርቅ ይወትፉት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጣትዎን ወይም የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ከተው ያወዳድሩ። የራሰው ሞቆ ያገኙታል። የትኩሳት መለኪያ ለዚህ ብዙም አይረዳም፤ ብዙዎቹ ከ35 ዲግሪ በታች ያለውን አያሳዩም። ሲጨርሱ የበቀለውን ለዶሮዎቹ ይስጧቸው፤ ሻጋታ ካሸተተ ግን ይድፉት።

ፔርሙሱን የመረጥነው ሙቀቱ እንዳያመልጥ ነው። ጆንያው ግን ፔርሙስ አያስፈልገውም፤ በፍሬዎቹ መካከል የታሰረው አየር፣ ጋቢ በክሮቹ መካከል አየር ይዞ ሰውን እንደሚያሞቀው፣ ሙቀቱን መሀል ላይ ያቆየዋል። ብቻውን የቆመ አንድ ጆንያ በጎኖቹ በኩል እየተነፈሰ ይቀዘቅዛል። ሃያ ጆንያ ሲደራረብ ግን መሀል ያሉት የሚያወጡትን ሙቀት የሚወስድላቸው የለም። ላይ ላዩን ዳብሶ «መኖዬ ደህና ነው» ማለት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሰው አንድ መከራከሪያ አለው። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በሐምሌና በነሐሴ ቀኑ ከ20 ዲግሪ እምብዛም አይዘልም፣ ሌሊቱ ወደ 10 ይወርዳል። የመኖ በሙቀት መበላሸት የመተማና የአፋር ጣጣ እንጂ የቦሌ አይደለም ይላል። ስለ ውጭው አየር ከሆነ ልክ ነው። ጆንያው ግን በውጭው አየር ውስጥ አይኖርም። ከተማው ደጋ ሆኖ ሳለ የጆንያው ሆድ ቆላ ይሆናል፤ 30፣ 40፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

እንዲያውም የደጋው ብርድ ሌላ ችግር ይጨምራል። ከሞቀው መሀል የሚነሣው እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣና ቀዝቃዛውን የጆንያ ጫፍ ሲያገኝ ጤዛ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ያለው ጆንያ አፉ ላይ ሻግቶ ያገኙታል፤ «ጣሪያው አፈሰሰ» ብለው ቆርቆሮውን ያስጠግናሉ። ጥፋቱ ግን ከታች ነው የመጣው። ቆርቆሮውም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ከሥሩ ያለውን አየር ያግለዋል፤ ሌሊት ሲበርድ ያው እርጥበት በውስጠኛው ገጹ ላይ ጠብታ ሠርቶ ጆንያው ላይ ይንጠባጠባል። ያላፈሰሰ ጣሪያ ሥር እርጥብ ጆንያ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ነቀዝ ደግሞ ከደረቅ እህል ተነሥቶ ትኩሳት ማስጀመር ይችላል። በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ሲራባ ትንፋሹ አካባቢውን እስከ 40 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል፤ ከዚያ በላይ ለራሱም አይመቸውም። ነቀዞች በድንገት በጆንያው ጫፍና በውጪው ሲርመሰመሱ ካዩ «ምን አመጣቸው?» ከማለት በፊት ክንድዎን ወደ መሀል ይላኩ። ቤቱ ስለሞቀባቸው እየወጡ ሊሆን ይችላል።

ሻጋታዎቹም ገደብ አላቸው። ከ55 ዲግሪ ገደማ በኋላ አብዛኞቹ ያልቃሉ፤ ሙቀት የሚወዱ ጥቂት ተሕዋስያን እስከ 70 አካባቢ ይገፉታል። ከዚያ በላይ ያለውን ለኬሚስትሪ አስረክበው ይሄዳሉ፤ በእርጥቡ የተከመረ ድርቆሽ በራሱ ጊዜ ተቀጣጥሎ ጎተራ የሚያቃጥለው እንዲህ ነው። የግቢ ጆንያ ትንሽ ስለሆነ እዚያ መድረሱ ብርቅ ነው። ለመበላሸት ግን መቃጠል አያስፈልገውም፤ 40ና 50 ዲግሪ ይበቃዋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ክፍል እዚህ ይጀምራል።

ቡና ሲቆላ መዓዛውን የሚሰጠው፣ ገብስን ቆሎ የሚያደርገው፣ የድፎ ዳቦን ቅርፊት የሚያጠይመው አንድ ኬሚካዊ ሂደት አለ። ሉዊ ካሚል ማያር የተባለ ፈረንሳዊ በ1912 እ.ኤ.አ. ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። ፕሮቲንና ስኳር በሙቀት ሲገናኙ ይያያዛሉ፤ ቡናማ ቀለምና ጣፋጭ ሽታ ይፈጥራሉ። በምጣድ ላይ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። በጆንያ ውስጥም ይኸው ነገር ይካሄዳል፣ በሳምንታት።

እሳት ከሌለ እንዴት? ቁም ሣጥንዎ ውስጥ የከረመ የዱቄት ወተት ካለ አውጥተው አዲስ ከተከፈተው ጎን በነጭ ሳህን ላይ ያድርጉት። አሮጌው ወደ ቢጫነት ወይም ወደ ቡናማነት አዘንብሎ ሊያገኙት ይችላሉ። ማንም አልቆላውም፤ ወተቱ ውስጥ ያለው ስኳርና ፕሮቲን በዝግታ ሲያያዙ ከርመው ነው። ሂደቱ በየ10 ዲግሪው ሁለት ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። ያስሉት፤ በ20 ዲግሪ ከሁለት እስከ ስድስት ወር የሚፈጀው ጉዳት በ50 ዲግሪ በአንድ ሳምንት ይደርሳል። በጣም ደረቅ ሲሆን ይዘገያል፣ በውሃ ሲጥለቀለቅም ይዘገያል፤ የሚወደው መካከለኛውን ነው። የሞቀ ጆንያ እርጥበት ደግሞ መካከለኛው ነው።

ከፕሮቲኖቹ አካላት መጀመሪያ የሚያዘው ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ነው። ላይሲን በፕሮቲኑ ሰንሰለት ውስጥ ሆኖም አንድ ነፃ ክንድ አለው፤ ስኳር ሲያገኝ በዚያ ክንዱ ይጣበቃል። ሲጀመር ልል የሆነው መያያዝ እየሞቀ በሄደ ቁጥር የማይፈታ ይሆናል። የእንስሳው አንጀት ፕሮቲንን የሚቆርጥባቸው ኢንዛይሞች ይህን ቋጠሮ አያውቁትም። በአፍ የገባው ፕሮቲን በእበት ይወጣል። ከዚህ የሚጠቀም ካለ በጋጣው ጀርባ ያለው የጎመን መደብ ነው።

ላሟ እምቢ ብትል ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ። ችግሩ ትወደዋለች። መጠነኛ ቡናማ የሆነና ያልሻገተ መኖ የተቃጠለ ስኳር ወይም የትምባሆ ቅጠል የመሰለ ጣፋጭ ሽታ አለው፤ ብዙ ከብት ይህን ሽታ እየወደደ ይበላዋል። ገንዳው ባዶ ይሆናል፣ ወተቱ ግን ይቀንሳል። አርቢው ላሟን ይጠረጥራል፣ አላቢውን ይጠረጥራል፣ ጡቷን ያስመረምራል። ገንዳዋን ጥርግ አድርጋ የበላችበትን መኖ ማን ይጠረጥራል?

ሁለተኛው የሚያታልል ነገር ወረቀት ነው። የመኖ ፕሮቲን በተለመደው የላብራቶሪ ዘዴ ሲለካ በቀጥታ ፕሮቲኑ አይለካም፤ ናይትሮጅኑ ተለክቶ በ6.25 ይባዛል። የተቆለፈው ፕሮቲን ናይትሮጅኑን አልጣለም። ስለዚህ 30 በመቶ ገደማ ፕሮቲን የያዘ የኑግ ፋጉሎ ከሞቀና ከጠየመ በኋላም ወረቀቱ ላይ ያው 30 ነው። ምርመራው አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መልሷል። «ስንት አለ?» ተባለ እንጂ «ላሟ ስንቱን ታገኛለች?» አልተባለም።

ሁለተኛውን ጥያቄ የሚጠይቅ ዘዴ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ፒተር ቫን ሶስት አበጀ። መኖው አሲድ በተቀላቀለበት የማጽጃ ውህድ ውስጥ ይቀቀላል። ላሟ ልትጠቀምበት የምትችለው ፕሮቲን ይሟሟል፤ እንጨት እንጨት የሚለው ቃጫ ይቀራል። ከዚያ ቅሪት ውስጥ ናይትሮጅን ይፈለጋል። እዚያ የተገኘው በሙቀት የተቆለፈውንና ከመጀመሪያውም የማይፈጨውን ፕሮቲን ያመለክታል። ኢልሪ የሚባለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጉርድ ሾላ ባለው ግቢው የመኖ ላብራቶሪ አለው። ከአጥሩ ውጭ በሲኤምሲ መንገድ የሚያልፈው ታክሲ ውስጥ ካሉት ስንቶቹ ያንን ያውቃሉ፣ አላውቅም፤ ለከተማ ላም አርቢ ግን ከብዙ ሱቅ የበለጠ ቅርብ ጎረቤት ነው።

ለመሆኑ ሙቀት ሁሉ ጠላት ነው? አይደለም። ጥሬ አኩሪ አተር የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ነገር ስላለው ለዶሮ ከመሰጠቱ በፊት መሞቅ አለበት። ለሚያመሰኳ እንስሳም ለስላሳ ሙቀት ይጠቅማል፤ ፕሮቲኑ በትልቁ ጨጓራ በተሕዋስያን ከመፈራረስ ተርፎ ወደ አንጀት ይደርሳል። ጥቅሙ የሚገኘው ግን በልክና ለአጭር ጊዜ በሚሰጥ ሙቀት ነው። ጆንያ ልክ የለውም። ፋጉሎ ደግሞ ከዘይት መጭመቂያው ሲወጣ አንዴ ሞቆ ነው የሚመጣው፤ ገና ትኩስ ሳለ በጆንያ ከታሰረ እንፋሎቱ ውስጡ ይቀራል፣ ሁለተኛው ዙር ይጀመራል።

ዶሮ ከላም የበለጠ ትጎዳለች። ላም በጨጓራዋ ያሉት ተሕዋስያን ከሌላ የናይትሮጅን ምንጭ ፕሮቲን ይሠሩላታል፤ ዶሮ ያንን ዕድል አላገኘችም። ላይሲኑ ከመኖው ካልመጣላት የትም አታገኘውም። እህል ደግሞ ድሮውንም ላይሲን ያንሰዋል። ጫጩት ካላደገ፣ እንቁላል ካነሰ ከክትባቱ ዝርዝር ጋር የጆንያውንም ቀለም መመልከት ነው። ስታርቹ ግን እምብዛም አይነካም። ሻጋታ የሌለበት የጠየመ በቆሎ ለሚደልብ በሬ አሁንም ጉልበት ይሰጣል፤ ፕሮቲኑን ከሌላ ማሟላት ብቻ ነው።

የእህል ንግዱ ዓለም ይህን ጉዳት በፍሬ ይቆጥራል። በአሜሪካ የደረጃ ሥርዓት አንደኛ ደረጃ በቆሎ ውስጥ በሙቀት የተጎዳ ፍሬ ከ0.1 በመቶ፣ በሁለተኛው ደረጃ ከ0.2 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከሺህ ፍሬ አንድ ወይም ሁለት መሆኑ ነው። ይህ ጥብቅነት የቅንጦት ይመስላል፤ ጥቂት የጠየሙ ፍሬዎች ግን ያ ክምር አንድ ቦታ ላይ ሞቆ እንደነበር ይመሰክራሉ።

ስለ ሻጋታው ካነሣን አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። ቆላ የሆነው የጆንያ ሆድ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ባለበት ጊዜ፣ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ለሚሠሩት ሻጋታዎች ምቹ ነው። ላሟ መርዙን ስትበላ ከፊሉ መልኩን ለውጦ ወደ ወተቷ ያልፋል። በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመና የኢልሪ ተመራማሪዎች በተሳተፉበት ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ 110 የወተትና 156 የመኖ ናሙናዎች ተመርምረው መርዙ በሁሉም ተገኝቷል። የአውሮፓን ጥብቅ ገደብ፣ በሊትር 0.05 ማይክሮግራምን፣ ያላለፈው ወተት ዘጠኝ ናሙና ብቻ ነበር። አሥር እጥፍ የላላውን የአሜሪካን ገደብ ደግሞ ከሩብ በላይ የሚሆነው አልፎታል። ዋና ተጠርጣሪ ሆኖ የተገኘው የኑግ ፋጉሎ ነው።

ይህ ሁሉ መርዝ በእኛ ጆንያ ውስጥ ተሠራ ማለት አይደለም፤ ሻጋታው ከማሳም ከመጋዘንም ሊጀምር ይችላል። ጆንያው የሚያደርገው የመጣለትን ማሳደግ ነው። ወተቱን ማፍላት አያድንም፤ ለሌሎች ብዙ በሽታዎች ግድ ነው፣ ይህ መርዝ ግን መፍላትን ይቋቋማል። ጆንያው ከልክ በላይ ሲግልም ሻጋታው ይሞታል እንጂ የሠራው መርዝ አብሮት አይሞትም።

ስለዚህ የእጅ ፈተና ጉድለት አለው። ክንድዎ የሚነግርዎ የዛሬውን ነው። ባለፈው ወር ሞቆ፣ እርጥበቱ ተንኖለት፣ ተመልሶ የቀዘቀዘ ጆንያ ሲነኩት ጤነኛ ነው። የትናንቱን ለማወቅ ፍሬዋን ራሷን መጠየቅ ያስፈልጋል።

አንዲት የበቆሎ ፍሬ ያንሡ። ከቆረቆንዳው ጋር ተያይዛ የነበረችበትን ሹል ጫፍ ይፈልጉና ቁመቷን ይዘው በቢላዋ ለሁለት ይሰንጥቋት። በአንዱ ወገን፣ ወደ ሹሉ ጫፍ ተጠግቶ፣ የምትበቅልበትን ሽል ያያሉ። ነጭ ወይም ክሬም ከሆነ መልካም። ቡናማ ከሆነ ሞቃ ነበር ማለት ነው። ዐሥር ያህሉን ከጆንያው ከተለያየ ጥልቀት አውጥተው ይሰንጥቁ፤ ከላይ ብቻ አይውሰዱ።

ልጆች ካሉ ሁለተኛውን ፈተና ለእነሱ ይተዉላቸው። ሃያ ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በሳህን ላይ፣ ከምድጃው አጠገብ ሞቅ ባለ ቦታ ያኑሩ፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ ውሃ ይርጩበት። በሳምንት ውስጥ ከሃያው ዐሥራ ስምንቱ ከበቀሉ ያ እህል አልታመመም። አምስቱ ብቻ ከበቀሉ በሙቀት ተገድሏል፣ ወይም በጣም አርጅቷል፤ ከሽሉ ቀለም ጋር ሲያያይዙት የትኛው እንደሆነ ይለያል። ለፉርሽካና ለፋጉሎ ይህ አይሠራም፤ እነሱን በዓይንና በአፍንጫ ነው።

የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ሰው ደግሞ ጨው አለ። አንድ ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ከነክዳኑ ይፈልጉ። ጥቂት ማንኪያ ደቃቅ ጨው በምጣድ አድርቀው ያቀዝቅዙ። ጠርሙሱን አንድ ሦስተኛ በእህሉ ሞልተው ጨውን ይጨምሩበት፣ ክዳኑን ገጥመው አንድ ሁለት ደቂቃ በደንብ ይነቅንቁ፣ ሩብ ሰዓት ያስቀምጡት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ወይም ከተጋገረ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት ይዟል፤ ጆንያ ውስጥ አይግባ። ሳይጣበቅ ከታች ከተበተነ ከዚያ በታች ነው። ገበያ ላይ ብዙ ውድ መሣሪያ አለ፤ ይህችን የሚያህል ርካሽ ግን አላየሁም።

ጆንያ በተደራረበበት ቤት ክንድ መሀል አይደርስም። ረጅም የብረት ዘንግ ወደ ክምሩ መሀል ሰክተው ሩብ ሰዓት ያቆዩና ሲያወጡት ወዲያው በእጅ አንጓዎ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ያስነኩት። ጫፉ ከመያዣው ከሞቀ ያ ክምር ዛሬውኑ ይፈታ።

ሲፈታ ምን ይደረግ? የሞቀውን ጆንያ ሸራ ላይ ዘርግተው በስሱ ይበትኑ፣ እያገላበጡ ያቀዝቅዙ፣ ያድርቁ። ክረምት ላይ ፀሐይ ካልተገኘ እንኳ ነፋስ የሚገባበት በረንዳ ይበቃል፤ ዋናው ሙቀቱን ማውጣት ነው። የሻገተ፣ የተጋገረ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር የታየበት ለማንም እንስሳ አይሰጥም። «ለዶሮዎቹ እንስጠው» የሚባለውን ልማድ እኔ ጨርሶ አልወደውም፤ ከሁሉ ቀድማ የምትጎዳው ዶሮ ናት። ሻጋታ የሌለው፣ ጠየም ያለው ግን ለድልብ በሬ ይሁን፤ ለምትታለብ ላም ፕሮቲን ይሆናል ብለው አይቁጠሩት።

ማስቀመጡን በተመለከተ ሲሚንቶ ወለል ከታች እርጥበት ይስባል፤ ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ ይቀመጥ። በዘይት የራሰና የተፈጨ ነገር ቶሎ ይሞቃል። ስለዚህ በቆሎውን ሙሉውን ገዝተው ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ ወፍጮ ቤት ማስከካት ይሻላል፤ ፋጉሎና ፉርሽካን ደግሞ ለሁለት ወር ከማከማቸት ይልቅ ቶሎ ቶሎ መግዛት። በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም። አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ጥሩ ነገር ነው፤ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ሲያልቅ ነቀዙም ሻጋታውም ይታፈናሉ። ግን ለደረቀ እህል ብቻ ነው። እርጥብ እህል አስሮ ማስቀመጥ የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን የሚቀብርበት ጉድጓድ ውሃ ሲገባበት የሚደርሰውን ብልሽት በቤት መድገም ነው።

መኖ መሸጫ ሲሄዱ ከፊት ለፊት ቆሞ የሚታየውን ጆንያ አይግዙ። ከክምሩ መሀል አንዱን አስወጥተው አፉን ያስፈቱ፣ ክንድዎን ይክተቱ፣ አንድ ጭብጥ አውጥተው ያሽቱ። የተቆላ ነገር ከሸተተዎት፣ ሽታው ምንም ያህል ደስ ቢል፣ ሌላ ያስፈቱ። ባለ ሱቁ ቢያጉረመርም አይሸማቀቁ፤ ብዙዎቹ ራሳቸውም መሀሉን ዳብሰው አያውቁም።